መልክ የሚገኘው ከጥላው በፊት ነው

ሰው በእርሳስ የተሣለ መልክ ሲያይ ምን እንደሚያደንቅ የታወቀ ነው። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ መሣሉን፣ የከንፈሩን ስንጥቅ፣ ብሌኑ ላይ ያረፈችውን የመስኮት ብርሃን። «ፎቶ እኮ ነው የሚመስለው!» ይባላል፤ ሠዓሊውም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሲያጋጥመኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጆሮው ነው። ጆሮ ተመልካች የማያደንቀው፣ ደንበኛም የማይከፍልበት የፊት ክፍል ስለሆነ እውነቱን አይደብቅም። ራስ ጎንበስ ሲል ጆሮ ከቅንድብ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ራስ ቀና ሲል ደግሞ ወደ አፍንጫ ግርጌ አልፎም ከዚያ በታች ይወርዳል። ፊቱ ጎንበስ ያለ፣ ጆሮው ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሰው የተቀመጠ ሥዕል ካየሁ፣ ሠዓሊው የጀመረው ከዓይን እንደሆነና የቀረውን እየለጠፈ እንደሄደ አውቃለሁ። ጆሮው በቦታው ካለ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ጥላና ፀጉር በታች ማንም ያላመሰገነው የብዙ ሰዓት ሥራ ተቀብሯል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለተቀበረው ሥራ ነው።

ስለዚህ ሥራ ለመናገር የኡጋንዳን ከተማ ካምፓላን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ በማኬሬሬ ኮረብታ ላይ ያለው የሥዕል ትምህርት ቤት በምሥራቅ አፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ካከራከሩት ጥያቄዎች ዋነኛው ይኸው ነው፤ ጀማሪ ሠዓሊ በመጀመሪያ ምን ይማር? ወደ ክርክሩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ሥራ ከባዶ ወረቀት ጀምሮ እንከተል።

አንዲት በዕድሜ የገፉ የቡጋንዳ እናት መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል እንበል። የለበሱት ጎመሲ ነው። ጎመሲ የኡጋንዳ ሴቶች ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ እጮኛ ለቤተሰብ ለሚተዋወቅበት ለኩዋንጁላ ቀን የሚለብሱት ረጅም ቀሚስ ነው፤ ትከሻው ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ፣ አንገቱ አራት ማዕዘን፣ በግራ በኩል ሁለት ቁልፍ ያለው፣ ወገቡ ላይ በሰፊ መቀነት የሚታሰር። እናቲቱ ራሳቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርገው፣ ጭናቸው ላይ ያረፈ እጃቸውን ይመለከታሉ።

ጥሩ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚያነሣው ጥቁሩን እርሳስ አይደለም። ኤችቢ ወይም 2ኤች ይበቃዋል፤ እሱንም ከጫፉ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ጣቱን ሳይሆን ክንዱን ከትከሻው እያንቀሳቀሰ ይሠራል። መጀመሪያ አራት ምልክት ያኖራል፤ የአናት ጫፍ፣ መቀነቱ የሚያልቅበት፣ የግራ ትከሻ ሹል፣ የቀኝ ትከሻ ሹል። ሥዕሉ ከእነዚህ ምልክቶች አይወጣም። ከሁሉ የሚቀለውም ከሁሉ የሚዘለለውም እርምጃ ይህ ነው። ከዓይን የጀመረ ሰው ዓይኑን ያሳምረዋል፣ አፍንጫውን ያሳምረዋል፣ አገጩ ላይ ሲደርስ ወረቀቱ ያልቅበታል። ያን ጊዜ አገጩን ትንሽ ማሳጠር ይጀምራል፤ እናቲቱም ቀስ በቀስ ሌላ ሴት ይሆናሉ።

ቀጥሎ ልኬት ነው። ሠዓሊው ክንዱን ቀጥ አድርጎ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በእርሳሱ ቁመት ላይ አውራ ጣቱን እያንሸራተተ ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ይለካል። ከዚያ ያችን ርዝመት መስፈሪያ አድርጎ፣ ከአገጭ እስከ መቀነት ስንት ጊዜ እንደምትገባ ይቆጥራል። ክርኑ መታጠፍ የለበትም፤ ክርን ከታጠፈ እርሳሱ ወደ ዓይን ይጠጋል፣ መስፈሪያውም በየልኬቱ ይለዋወጣል። ጀማሪ «ለካሁ» ብሎ የተሳሳተ ሥዕል የሚያወጣበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ከልኬት በኋላ ማዕዘን ይመጣል። የጎመሲው ሁለት የትከሻ ሹሎች እዚህ ላይ ለሠዓሊው ትልቅ በረከት ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በሐሳብ የተሰመረ መስመር እናቲቱ በየትኛው ጎናቸው እንደተደገፉ ወዲያው ይናገራል። ከእያንዳንዱ ሹል ወደ አገጭ ሲሰመር ሁለት እኩል ያልሆኑ ሦስት ማዕዘኖች ይፈጠራሉ። ራስ ወደ ቀኝ ዘንበል ስላለ የቀኙ ጠባብ፣ የግራው ሰፊ ነው። በአገጭና በትከሻ መካከል የምትታየው የመስኮት ብርሃን ራሷ ቅርጽ አላት፤ ብልህ ሠዓሊ ያችን ባዶ ቦታ እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ ይሥላታል። አገጭ ምን እንደሚመስል ሁላችንም የምናውቅ ስለሚመስለን ከማየት ይልቅ ከልማድ እንሥለዋለን። ባዶ ቦታ ግን ልማድ የለውም፤ ያየነውን ብቻ እንድንሥል ያስገድደናል።

አሁን ወደ ራስ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከአናትና ከአገጭ እኩሌታ ላይ ይገኛል ቢባል ብዙ ሰው አያምንም። ትኩረታችን ፊት ላይ ስለሆነ ከግንባር በላይ ያለውን የራስ ቅል እንረሳዋለን፤ ስለዚህ ጀማሪ ዓይንን ወደ ላይ ይሰቅላል፣ ግንባርንም ያጠብባል። ራስ ሲዘነብል ደግሞ የቅንድቡ፣ የአፍንጫው ግርጌና የከንፈሩ መስመሮች አብረው ይዘነብላሉ፤ ጎንበስ ሲል ወደ ታች የተጎበጡ ቅስቶች ይሆናሉ። ፊት ወደ ጎን ሲዞር ራቅ ያለው ዓይን ከቅርቡ ይጠብባል። ልባችን ሁለት ዓይን እኩል መሆኑን ስለሚያውቅ እጃችን ያን ጠባብ ዓይን ሊያሰፋው ይታገላል። ጥሩ ሠዓሊ ይህን ትግል የሚጨርሰው ገና በፈዛዛው መስመር ላይ ነው፤ አንድም ሽፋሽፍት ሳይሣል።

በዚህ ደረጃ ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ለማያውቅ ሰው ምንም አይመስልም። ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ የገረጡ መስመሮች ብቻ ናቸው። ነገር ግን የእናቲቱ የልጅ ልጆች ከበር ላይ ሆነው አይተው በሉጋንዳ «ጃጃ!» ማለት የሚገባቸው በዚህ ሰዓት ነው። ሰውን ከሩቅ የምናውቀው በአንገቱ አቀማመጥ፣ በትከሻው ውድቀት፣ በአገጩና በደረቱ ርቀት ነው፤ በመንገድ ማዶ የሚሄድ ዘመዳችንን ለመለየት ሽፋሽፍቱን አንቆጥርም። መልክ እዚህ ካልተገኘ በኋላ የሚጨመር ዝርዝር አያመጣውም። እንዲያውም ዝርዝሩ በጠራ ቁጥር ስሕተቱም አብሮ ይጠራል።

የመጨረሻው የዝግጅት ሥራ የጥላውን ድንበር ማስመር ነው። ሠዓሊው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ያያል፤ ያን ጊዜ ትንንሹ ነገር ሁሉ ይጠፋና ፊት ሁለት ግዛት ብቻ ይሆናል፣ ብርሃን ያገኘውና ያላገኘው። በግንባር ጎን ወርዶ፣ የዓይን ጉድጓድን ዞሮ፣ በአፍንጫ ጥግ ተሰብሮ፣ በጉንጭ ላይ ለዝቦ የሚሄደውን ያን ድንበር በፈዛዛ መስመር ይከተለዋል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ጥላው መልበስ የሚጀምረው፤ ያውም መጀመሪያ በሙሉው ላይ እኩል ስስ ሆኖ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ላጲስ አለ አይደል? እርሳስን ይቅር ባይ መሣሪያ አድርጎ ማመን ብዙ ሥራ አበላሽቷል። ምክንያቱ ያለው ግራፋይት በሚባለው ነገር ባሕርይ ውስጥ ነው።

ግራፋይት ካርቦን ነው። አተሞቹ በስስ ንጣፎች ተደርድረዋል፣ ንጣፎቹም አንዱ በሌላው ላይ በቀላሉ ይንሸራተታሉ። ወረቀት ላይ ስንጭር የሚቀረው ከእነዚያ ንጣፎች የተገነጠለ ቅርፊት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ቦሮዴል በሚባል ሸለቆ ንጹሕ ግራፋይት ተገኝቶ እየተቆረጠ ለመጻፊያ ዋለ። እ.ኤ.አ. በ1795 ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች ያ ማዕድን ሲቋረጥባት፣ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የተፈጨ ግራፋይትን ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ በእሳት የማጠንከር ዘዴ አወጣ። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ መስመሩም ይገረጣል፤ ግራፋይቱ ሲበዛ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል። ከኤች እስከ ቢ ያሉት ደረጃዎች የዚያ ቅመማ ውጤት ናቸው። ኡጋንዳም በሰሜን፣ በኪትጉም በኩል ኦሮም በሚባለው አካባቢ የግራፋይት ክምችት አላት።

ከዚህ ባሕርይ ለሠዓሊ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ጠንካራ እርሳስ ተጭነው ከሣሉበት ወረቀቱ ላይ ቦይ ያወጣል። ጥቁሩን ላጲስ ያነሣዋል፤ ቦዩ ግን እዚያው ይቀራል። በኋላ ጉንጩ ላይ ለስላሳ ጥላ ሲለብስ እርሳሱ በቦዩ ላይ ዘሎ ያልፍና፣ ተሰርዟል የተባለው ስሕተት ነጭ መስመር ሆኖ ብቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ወረቀት በጣት እንጂ በዓይን ብዙ የማይለይ ሸካራነት አለው፤ ግራፋይቱን ነክሶ የሚይዘው እሱ ነው። አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲጠቁር፣ ሲሰረዝ፣ እንደገና ሲጠቁር ያ ሸካራነት ይደፈጠጣል። ከዚያ በኋላ 8ቢ ቢጨመርበትም አይጠቁርም፤ ይልቁንም ያብለጨልጫል። ከሁሉ ጥቁር መሆን የነበረበት ብሌን ከጎን ሲታይ እንደ ብረት ግራጫ ሆኖ ይመልሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በእርሳስ ሥራ ግን የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ፈዛዛ የሚሆነው ሠዓሊው ስለፈራ አይደለም፤ ሐሳቡን የመለወጥ መብቱን እያስጠበቀ ነው። ዐሥር ጊዜ ቢሳሳት ዐሥሩንም እንደ ሊጥ በሚለወሰው ለስላሳ ላጲስ ነካ ነካ አድርጎ ሊያነሣው ይችላል፤ ወረቀቱም ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይጠብቀዋል። ጥሩ ሥራን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ዘንበል አድርጎ ማየት የሚያስደስተውም ለዚህ ነው። ቦይ የለም፣ የተላጠ ወረቀት የለም፤ ጥቁሩ ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ድብዝ ያለ ጥቁረት ነው። እጁ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ማኬሬሬ እንመለስ። ማርጋሬት ትሮዌል ከሐኪም ባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1929 ወደ ኬንያ፣ በ1935 ወደ ኡጋንዳ መጡ። በ1937 በካምፓላ በቤታቸው በረንዳ ላይ ጥቂት ተማሪዎች ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የማኬሬሬ የሥዕል ትምህርት ቤት ከዚያ በረንዳ የተነሣ ነው። ትሮዌል ንድፍ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። የተማሩት ለንደን ውስጥ ስሌድ በተባለው ትምህርት ቤት፣ በሄንሪ ቶንክስ ሥር ነው። ቶንክስ ከመምህርነታቸው በፊት ቀዶ ሐኪም ነበሩ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ፊታቸው የቆሰለ ወታደሮችን በፓስቴል ሥለዋል። ከእሳቸው እጅ የወጣ ተማሪ ከቆዳ በታች አጥንት እንዳለ ሊረሳ አይችልም።

ትሮዌል ግን ሁለተኛ መምህርም ነበራቸው፤ የመምህርነት ሙያን ያስተማሯቸው ማሪዮን ሪቻርድሰን። ሪቻርድሰን አንድን ትዕይንት በቃል ይገልጻሉ፤ ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ምስሉን በአእምሯቸው አጥርተው ካዩ በኋላ ይሥሉታል። ካምፓላ ላይ ትሮዌል የመረጡት ይህን መንገድ ነው። ታሪክ ይነግሩ ነበር፣ ተማሪው የሰማውን በራሱ መንገድ እንዲያየው ይተዉት ነበር። የአውሮፓን የፐርስፔክቲቭ ሕግና የሞዴል ንድፍ ቢጭኑበት የራሱን ዓይን ይሰርቁታል ብለው ያምኑ ነበር። በ1939 የተማሪዎቻቸው ሥራ ለንደን ላይ ለትርኢት ቀርቧል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ትሮዌል ጡረታ ወጥተው ሴሲል ቶድ ሲተኳቸው አካሄዱ ተገለበጠ። ቀደም ሲል በደቡብ አፍሪካ ያስተምሩ የነበሩት ቶድ ከተፈጥሮ አይቶ መንደፍን፣ የቀለም ንድፈ ሐሳብንና የዓለም የሥነ ጥበብ ታሪክን የትምህርቱ መሠረት አደረጉ። ተማሪው በምናቡ ከመሮጡ በፊት ከፊቱ የተቀመጠውን በትክክል ይይ አሉ።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የነፃነትና የሥርዓት ግጭት ሆኖ ይተረካል። ከእርሳሱ ጫፍ ሲታይ ግን ሁለቱ የሚስማሙበት ይበልጣል። ትሮዌል ተማሪው ሙሉውን ሥዕል በልቡ ሳይዝ ወረቀት እንዲነካ አይፈልጉም፤ ቶድ ሙሉውን ቅርጽ በዓይኑ ሳይለካ ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ አይፈልጉም። ሁለቱም የሚሉት ውሳኔ ከጭረት ይቅደም ነው። የሚለያዩት ውሳኔው የት ይወሰን በሚለው ላይ ነው፤ በምናብ ወይስ በልኬት። መልክ አስመስሎ ለሚሥል ሰው ሁለቱም ያስፈልጉታል። እናቲቱ እጃቸውን ሲያዩ ምን ዓይነት ዝምታ ላይ እንዳሉ ሳይወስን የለካ ሰው ትክክለኛ ግን ባዶ ፊት ያወጣል፤ ስሜቱን ይዞ ያልለካ ደግሞ ስሜቱ ያለባትን የማትታወቅ ሴት ይሥላል።

ለክርክሩ ሁለት ምስክሮች አሉ። የመጀመሪያው የትሮዌል ቀደምት ተማሪ የነበሩት ኬንያዊው ቀራፂ ግሪጎሪ ማሎባ እ.ኤ.አ. ለ1962 የሠሩት የኡጋንዳ የነፃነት ሐውልት ነው፤ ካምፓላ መሐል ቆሞ ይታያል። እናት ከእግሯ ጀምሮ በመጠቅለያ ተተብትባ፣ እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ ልጅ ወደ ላይ አንሥታለች። መጠቅለያው ሰውነቷን ሸፍኖታል፤ ነገር ግን የልጁ ክብደት በወገቧ በኩል ወደ እግሯ ሲወርድ ዓይን ይከተለዋል። ያልታየው አካል በትክክል ባይታሰብ ኖሮ መጠቅለያው ባዶ ጥቅልል ይሆን ነበር። ሁለተኛው ታንዛኒያዊው ሠዓሊ ሳም ንቲሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስሌድ ሄደው ተማሩ። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ዊሊያም ኮልድስትሪም ሲሆኑ፣ ሞዴላቸውን ደጋግመው ሲለኩ ያኖሯቸውን ትንንሽ ምልክቶች ከተጠናቀቀው ሥዕል ላይ እንኳ የማያጠፉ ሰው ነበሩ። ንቲሮ ግን ተመልሰው የሣሉት እንደ ቀድሞው የመንደር ሕይወትን ነው፤ በደማቅ ቀለም፣ ያለ ከባድ ጥላ፣ ያለ ልኬት አባዜ። ሥራቸው ምንም አልጎደለበትም። ስለዚህ የልኬት መሠረት ለሥዕል ሁሉ ግዴታ ነው ማለት አይቻልም። «ይህ እሷ ናት» ብሎ ለሚምል ሥዕል ግን ግዴታ ነው።

ካምፓላ ለዚህ መሐላ ሁለት የራሷን ፈተና ትጨምራለች። አንዱ ብርሃኑ ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ናት፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት ላይ ትቆምና የዓይን ጉድጓድን በጥላ ትሞላዋለች፣ ከአፍንጫና ከከንፈር በታችም ጥቁር ትጥላለች። በዚያ ሰዓት ደጅ የተነሣ ፎቶ ሁሉንም ሰው አንድ ያስመስላል። ሠዓሊው ሞዴሉን ከመስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎን በሚመጣበት ማስቀመጡ ራሱ የንድፉ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ሌላው ቆዳው ነው። ለአውሮፓውያን ፊት የተጻፈ የንድፍ መመሪያ ወረቀቱን ነጭ ትቶ ጥላውን ብቻ ማጥቆርን ያስተምራል። ያን መመሪያ ይዞ ጠቆር ያለ ፊት ላይ የሚዘምት ሰው ሁሉን ነገር በጥቁር ይሞላውና ፊቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። የጠቆረ ቆዳ ቅርጹን የሚገልጠው ከጥላው ይልቅ በሚያበራባቸው ቦታዎች ነው፤ በግንባር አጥንት ላይ፣ በጉንጭ አናት፣ በአፍንጫ ድልድይ፣ በታችኛው ከንፈር ላይ ያለው ብርሃን ጠባብ፣ ጥርት ያለና ዳሩ የተለየ ነው። በእርሳስ ሥራ ነጭ ቀለም የለም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። አንዴ ከተቀባ ወደ ሙሉ ንጣቱ አይመለስም። ስለዚህ እነዚያ ብርሃኖች የሚያርፉበት ቦታ ጥላ ከመጀመሩ በፊት ተከልሎ መቀመጥ አለበት። ሠዓሊው ከወረቀቱ ንጣት እስከ እርሳሱ ጥቁረት ድረስ ዘጠኝ ደረጃ አለኝ ብሎ ያስብ። የእናቲቱ ጉንጭ በብርሃን በኩል አምስተኛው፣ በጥላ በኩል ሰባተኛው፣ ከጎመሲው አንገት ሥር ያለው ጨለማ ዘጠነኛው ቢሆን፣ አንደኛው ለብሌናቸው ነጥብና ለግንባራቸው ጫፍ ብቻ ይቀመጣል። ይህን ድልድል ቀድሞ ያላደረገ ሰው ብርሃን ባገኘው ጉንጭ ላይ ሰባት ያወጣና ለጥላው የሚከፍለው ያጣል።

ዛሬ ብዙው የመልክ ሥዕል የሚሠራው ከስልክ ፎቶ ነው። ፎቶው ላይ ካሬ ይሰመርበታል፣ ወረቀቱም ላይ እንዲሁ፤ ከዚያ ካሬ በካሬ ይገለበጣል። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ። የጥንት ግብፃውያን ግድግዳቸውን በካሬ ከፋፍለው ይነድፉ ስለነበር ነቀፋው ብዙ አያስኬድም፤ ካሬም መሠረት ነው። ችግሩ ካሬ የሚያውቀው የት እንጂ ለምን አለመሆኑ ነው። ስልክ ፊት ድረስ ተጠግቶ ያነሣው ፎቶ አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ ካሬውም ያን መዛነፍ በታማኝነት ያስተላልፈዋል። የራስ ቅልን የሚያውቅ ሠዓሊ ካሬውን ከሰመረ በኋላ ቆም ብሎ ያርመዋል። የማያውቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ካሬውን እንኳ ተጭኖ ስለሚያሰምረው፣ ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ግንባሩ ላይ የመስኮት ፍርግርግ የመሰለ ነጭ መስመር ይቀራል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን የተደበቀ ሥራ የማክበር የቆየ ባህል አለን። ብራና ጸሐፊ ቀለም ከመንከሩ በፊት ቆዳው ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ማለቅ አለበት። ከዚያ በገጹ ዳርና ዳር በወስፌ ነጥብ ይወጋል፤ ነጥብን ከነጥብ በማገናኘትም ያለ ቀለም፣ በጫና ብቻ መስመር ያሰምራል። ፊደሉ የሚሰለፈው በዚያ መስመር ነው። የድሮ ብራና በእጁ የያዘ ሰው ገጹን ወደ ብርሃን ዘንበል ቢያደርገው መስመሮቹን ያያቸዋል። እዚህ ላይ ከእርሳስ ሠዓሊው ጋር አንድ ልዩነት አለ፤ ብራና ጸሐፊ ቦዩን ሆን ብሎ ያወጣዋል፣ የእርሳስ ሠዓሊ ከቦይ ይሸሻል። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ የሚታየው የሚቆመው በማይታየው ላይ ነው። በኋላም ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው መጥተው በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ መንደፍ የትምህርቱ አካል ነበር። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም የተማሩት ትሮዌልና ንቲሮ በተማሩበት በዚያው በስሌድ ነው። የካምፓላና የአዲስ አበባ የንድፍ ትምህርት ባላሰብነው በኩል ዝምድና አለው።

ይህ ሁሉ ለተመልካቹ ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ ሥዕልን እንዴት እንደሚመረምር ያውቃል። ከሥዕሉ ራቅ ብሎ ዓይኑን ጠበብ ያድርግ፤ ሰውዬው አሁንም ሰውዬው ነው? ሥዕሉን በመስታወት ወይም ገልብጦ ይመልከተው፤ ዓይን የለመደውን ስለሚያጣ የተዛነፈ መንጋጋ፣ የተንሸራተተ ዓይን ወዲያው ይጋለጣል። በጥሩ ሥራ ላይ ሲገለበጥም ሚዛኑ አይናጋም። ከዚህ ፈተና በኋላ ወደ ሽፋሽፍቱ ቢጠጋና ቢያደንቅ አድናቆቱ ቦታውን ያገኘ ነው፤ ያን ጊዜ ሽፋሽፍቱ በእውነት ከዓይን ቆብ ላይ የበቀለ፣ የዓይን ቆቡም በእውነት ክብ የዓይን ኳስ ላይ የተከደነ ሆኖ ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ሥዕል ሲያሠራ ትዕግሥቱን የት ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ለእናቱ ልደት፣ ለልጁ ምረቃ ሥዕል ያዘዘ ሰው በሁለተኛው ቀን ብቅ ብሎ የገረጣ ወረቀት ሲያይ «እስካሁን አልጀመርከውም እንዴ?» ማለት ይቀናዋል። ሠዓሊውም ይህን ፈርቶ ቶሎ የሚታይ ነገር ለማሳየት አንድ ዓይን አጥቁሮ ይጠብቀዋል፤ ጥፋቱም ከዚያ ይጀምራል። ሥራ የሚያሠራ ሰው መምጣት ያለበት በዚያ ቀን ነው፤ የመጣበት ጉዳይ ግን መቆጣጠር ሳይሆን ማየት ይሁን። «አገጯ ትንሽ አልረዘመም?» የሚለው ቃል በዚያ ቀን ወርቅ ነው፤ ሠዓሊው በለስላሳ ላጲስ ነካ አድርጎ ያስተካክለዋል። ያው ቃል ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከተነገረ የሁለቱንም ሆድ ከማስባስ በቀር የሚፈይደው የለም። ሰው ሥዕል ሲያዝ ቀብድ ይከፍላል፤ ቀብዱ የሚገዛለትም እነዚያን ሲያዩዋቸው ባዶ የሚመስሉ ቀናት ነው።